«ወፍ የለም!» ከማለታችሁ በፊት፦ ከደበዘዘ ፎቶ ላይ ወፍ የመለየት አሠራር

እሁድ ጠዋት ጎንደር ውስጥ ወፍ ለማየት አብረን የምንወጣ ጥቂት ጓደኛሞች አለን። አንዳንዴ ጎሃ ተራራ እንወጣለን። አንዳንዴ ወደ አንገረብ ግድብ እንወርዳለን። ጊዜ ካጠረን ፋሲል ግቢን እንዞራለን። ረፋዱ ላይ ፒያሳ ቁጭ ብለን ቡና እናዛለን፤ ከዚያ ስልክና ካሜራ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ጨዋታው የሚደራው ያኔ ነው።

አንዱ ስልኩን ይዘረጋና «ይቺን እዩልኝ፣ ምንድን ናት?» ይላል። ነጭ ሰማይ ነው፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ። «ዝንብ ናት!» ይላል አንዱ። «ድሮን ነው ባክህ» ይላል ሌላው። «መጀመሪያ ሌንስህን ጥረገው።» ቅርንጫፍና ቅጠል ብቻ የሚታይበት ፎቶ ከመጣ ደግሞ ሁላችንም በአንድ አፍ «ወፍ የለም!» እንላለን። የአራዳዋ «ወፍ የለም» እኛ ጠረጴዛ ላይ ቃል በቃል ትሠራለች።

ይህን ሳቅ በጣም እወደዋለሁ። ሰው ደብዛዛ ፎቶውን ሳያፍር የሚያሳየው ሳቅ ባለበት ቦታ ነው። የሚያሳዝነኝ ከሳቁ በኋላ ያለው ነው። ባለቤቱ ፎቶውን ቶሎ ብሎ ያጠፋዋል። ስንቱ ጥሩ መረጃ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል! ብዥ ካሉት ፎቶዎች ብዙዎቹ ወፏን ለመለየት የሚበቃ ነገር ይዘዋል። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ነው የሚፈልገው። አብዛኛው ሰው ከቀለም ይጀምራል። ቀለም ግን ወደ መጨረሻው ነው መምጣት ያለበት። እኛ የምንሄድበትን መንገድ እነሆ።

1. ምንም አታጥፉ

ፎቶው እንደተነሳ ይቀመጥ። መነካካት ካስፈለገ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒው ላይ ሥሩ። ሰው ሲልክላችሁ ደግሞ «ፋይል አድርገህ ላክልኝ» በሉት። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ጭራ ላይ የነበረችው ቀጭን መስመር የምትጠፋው እዚያ ላይ ነው። ስክሪን ሹት ከሆነ የባሰ ነው። የተነሳበት ሰዓትና ቀንም አብሮ ይጠፋል።

ከአምስት ፎቶ «የተሻለችውን» መርጦ ሌላውን መደምሰስም ይጎዳል። አንደኛዋ ላይ ክንፍ ይታያል። ሦስተኛዋ ላይ ጭራ ይታያል። አምስተኛዋ ላይ ወፏ ዞር ስትል ጀርባዋ ላይ ነጭ ብልጭ ይላል። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም የማይረቡ ይመስላሉ። ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን አንዷ የጎደላትን ሌላዋ ትሞላዋለች።

2. ወፍ መሆኗን አረጋግጡ

ይህን የምለው ከልቤ ነው። እሾህ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ፌስታል ከሩቅ ሲታይ ከብት የሚከተለውን ነጩን ወፍ ቁጭ ነው። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ጭልፊት ይመስላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ቦታው ቅርብ ከሆነ የተሻለው ፍተሻ ተመልሶ መሄድ ነው። በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ ፎቶው የተነሳበት ቦታ ላይ ቁሙ። ሰዓቱ አንድ መሆን አለበት፤ ጥላው ከተለወጠ ጉቶውም መልኩን ይለውጣል። አንዲት ጓደኛችን ጥምቀተ ባሕር ላይ ግንቡን አቅፈው ከያዙት የዛፍ ሥሮች መሃል «ጉጉት» አንስታ ነበር። ሁለት ዓይን አለው፣ ደረቱ ዥጉርጉር ነው፣ ሁላችንም አመንን። በማግስቱ ሄደን ስናይ ጉጉቱ እዚያው ነው፤ አቀማመጡም ያው ነው። የተሰበረ ሥር ነበር። ዓይን ያልነው ሁለት ሽንቁር ነው።

3. የት? መቼ? ስንት ሰዓት?

«ወፍ እንዳገሩ ይጮሃል» ይባላል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ደቡብ ወርደን ጎርጎራ ስንደርስ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ወደ ሰሜን በደባርቅ በኩል የስሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በአንድ ቀን መኪና የሚደረስባቸው ናቸው፤ ወፎቻቸው ግን ይለያያሉ። ጣና ዳር የተነሳ ትልቅ ነጭ ነገር ፔሊካን ሊሆን ይችላል። ያው ፎቶ ቁስቋም ኮረብታ ላይ ተነሳ ከተባልኩ ፔሊካንን ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው የማደርገው።

ወሩም እንደዚሁ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች ይገባሉ። ብዙዎቹ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። ፎቶው የሐምሌ ከሆነ እነሱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጓቸው። ወር ላባንም ይለውጣል። በክረምትና በመስከረም የደምቢያ ማሳ ላይ እሳት መስሎ የሚታየው ቀይና ጥቁር ትንሽ ወፍ፣ በጋ ላይ ወንዱም እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ድንቢጥ መስሎ ቁጭ ይላል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚገባበት ወጥመድ አለ። ፋይሉ ላይ 7፡10 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ነው። ግን ካሜራውን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ከሆነ በእርግጥም ከቀኑ 7 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ጥላውን እዩ፤ ረጅም ከሆነ ጠዋት ወይም ማታ ነው። ወሩ ላይም ያው ችግር አለ። ፋይሉ ላይ 10 የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር አሥረኛው ወር ነው፤ የእኛ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ማለት ነው። በእኛ አሥረኛው ወር ሰኔ ነው። ይህን ሳናይ ስንት ጊዜ በባዶ ተከራክረናል። ስለዚህ ባለቤቱን ጠይቁት። «ስታነሳው ቁርስ በልተህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከፋይሉ የበለጠ የሚረዳበት ጊዜ አለ።

4. ፎቶውን አሳንሱት

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በሁለት ጣት ማጉላት ነው። አጉልታችሁ የምታገኙት አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ነው። ተቃራኒውን ሞክሩ። ስልኩን ክንዳችሁ እስኪዘረጋ አርቁት። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ። ነጠብጣቡ ይጠፋና ቅርጹ ይወጣል፤ አንገቷ ረዘም ያለ ነው ወይስ ትከሻዋ ውስጥ የገባ፣ ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው ወይስ ጋደም ብላ። የምታውቁትን ሰው ከሩቅ በአረማመዱ እንደምትለዩት ነው። እናትህ በገበያ መሃል ስትመጣ ፊቷ ሳይታይህ ታውቃታለህ። ወፍ መለየትም ከዚያ ይጀምራል።

5. መጠኗን በአጠገቧ ባለው ነገር ለኩ

ባዶ ሰማይ ላይ መጠን አይታወቅም። ቅርብ ያለ ዋኖስና ሩቅ ያለ ንስር አንድ ያህል ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ በእርግጠኝነት «ትልቅ ናት» ከማለታችሁ በፊት አጠገቧ ምን እንዳለ እዩ። የመብራት ሽቦ፣ የቆርቆሮ ክፈፍ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የግንብ መስኮት፤ ሁሉም መለኪያ ናቸው። ግን ከወፏ እኩል ርቀት ላይ መሆን አለባቸው። ከፊት ያለ ቅጠል ከኋላ ያለችን ወፍ ያሳንሳታል።

ምንም መለኪያ ከሌለ ወፏን በራሷ ለኩ። መንቆሯ ከጭንቅላቷ ይረዝማል? ጭራዋ ከክንፏ ስፋት ይበልጣል? ስትበር እግሯ ከጭራዋ አልፎ ይወጣል? ይህ ዓይነቱ ልኬት ርቀት አይለውጠውም፤ ድብዘዛም ብዙ አይጎዳውም።

6. ቅርጽ፦ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚሰጠው

ጎንደር ሰማይ ላይ ትልልቅ አሞሮች አይታጡም። በደብዛዛ ፎቶ ደግሞ ሁሉም ጥቁር ናቸው። ስለዚህ ጭራ ላይ አተኩሩ።

ቄራ አካባቢና ቆሻሻ በሚጣልበት ሁሉ የሚያንዣብበው ጭልፊት ጭራው መሃሉ ገባ ያለ ነው፤ ሹካ ይመስላል። ሲበር ጭራውን እንደ መሪ ግራና ቀኝ ያጣምመዋል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጭራውን ሙሉ ሲዘረጋው ሹካነቱ ይጠፋና ቀጥ ያለ ይመስላል። አንድ ፎቶ ላይ ሹካ ስላላያችሁ ጭልፊት አይደለም አትበሉ። ሌሎቹን ፎቶዎች እዩ።

ትልቁ ጥንብ አንሳ ክንፉ ሰፊ ሳንቃ ነው፤ ጭራው አጭር፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ነው። ከተማ ውስጥ ከሰው ጋር የለመደው ትንሹ ጥንብ አንሳም ቅርጹ ያንኑ ይመስላል፤ መጠኑ ግን በጣም ያንሳል። ሁለቱን ያለ መለኪያ በጥላ ብቻ መለየት ከባድ ነው፤ ችኮላ አያስፈልግም።

ነጭ ደረት፣ አጭር ቀይ ጭራ ያለውና ክንፉን ወደ ላይ ትንሽ አንስቶ የሚንሳፈፈው ሌላ ነው። በመንገድ ዳር የስልክ እንጨት ላይ የምታዩት ያ አዳኝ ወፍ ነው። ከእነዚህ መካከል ሆዱ ጥቁር የሆነም አለ፤ ያን ጊዜ የሚያወጣችሁ የጭራው ማጠር ነው።

ጭራው ረጅምና ጫፉ የሾለ፣ የመጫወቻ ካርታ ላይ እንዳለው ካሮ የሚመስል ከሆነ፣ ክንፉም ጠበብና ረዘም ካለ፣ ያ አጥንት ከሰማይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ባለ ጢሙ አሞራ ነው። ከጎሃ ተራራ የተነሳች አንዲት ፎቶ አለችን። «ድሮን» የተባለችው እሷ ናት። በመጀመሪያው ፎቶ ክንፍ ብቻ ነው ያለው፤ ቀጭን ቅስት መስመር። በሁለተኛው ወደ እኛ ዞሮ ነጥብ ሆኗል። ሦስተኛው ላይ ጎኑን ሰጠ። ጭራው ከክንፉ ጀርባ ረዝሞ ወጣ፤ መሃሉ ሰፍቶ ጫፉ ሾለ። ከጥፍር ያነሰ ጥላ ናት። ግን ጎንደር ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ ጠባብ ክንፍና እንዲህ ያለ ረጅም ጭራ ያለው ሌላ አሞራ የለም። ጠረጴዛው ላይ ጸጥታ ሆነ፣ ከዚያ ጩኸት። ባለቤቱ ሊያጠፋት ነበር እኮ!

ቁራዎችም እንዲሁ በቅርጽ ይለያሉ። ሲበር ጭራ የሌለው እስኪመስል ጭራው አጭር የሆነ ቁራ አለ፤ ገደልና ግንብ ይወዳል። ሌላው ወፍራም መንቆር ያለው ትልቁ የደጋ ቁራ ነው። መንቆሩ ከጭንቅላቱ ጋር የሚፎካከር ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው። በደብዛዛ ፎቶ መንቆሩ «መጥረቢያ የነከሰ» ያስመስለዋል። ደረቱ ነጭ የሆነውን ሁሉም ስለሚያውቀው አልሄድበትም።

ጠዋት ጠዋት በጩኸቷ የምትቀሰቅሰን ባለ ቆልማማ መንቆር ወፍ ደግሞ ክንፏ ላይ ሰፊ ነጭ አላት። ቆማ ስትታይ ጥቁር ናት፤ ስትነሳ ነጩ ብልጭ ይላል። አገሯ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው።

7. ብርሃኑን አስተካክሉ፣ ግን አትሳሉት

ኮፒው ላይ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ። ጨለማውን ክፍል ብቻ የሚያነሳ ማስተካከያ ካለ የበለጠ ጥሩ ነው። ጥቁር ጥላ ከነበረችው ወፍ ውስጥ የሆድና የደረት ልዩነት ይወጣል። በዚህ ልክ አቁሙ።

«ፎቶ አጥሪ» የሚባሉትን መተግበሪያዎች ግን እዚህ ሥራ ላይ አትጠቀሙ። የጠፋውን አይመልሱም፤ ያልነበረ ይጨምራሉ። ላባ ሲፈጥሩ፣ ዓይን ሲያበሩ አይቻለሁ። ውጤቱ ያምራል። ግን ያማረችው ወፍ ያነሳችኋት ወፍ አይደለችም።

8. አሁን ቀለም

ቀለምን ወደ ኋላ ያስቀረሁት ቶሎ ስለሚያታልል ነው። ወፍ ከነጭ ሰማይ ፊት ስትሆን ካሜራው ሰማዩን አይቶ ይጨልማል፤ ደረቷ ነጭ ቢሆንም ጥቁር ትወጣለች። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚነሳ ግራጫ ወርቅማ ይሆናል። ዋርካ ሥር ያለች ነጭ ወፍ አረንጓዴ ትቀባለች። የወፏ ጠርዝ ላይ ብቻ ያለ ሐምራዊ መስመር ካያችሁ እሱ የሌንስ ጣጣ ነው።

መፍትሔው ፎቶው ውስጥ ቀለሙን የምታውቁትን ነገር መፈለግ ነው። ነጠላ የለበሰ ሰው ካለ ትልቅ ዕድል ነው። ነጠላው ቢጫ መስሎ ከወጣ የወፏም ቢጫነት ከብርሃኑ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነጠላው ነጭ ሆኖ ወፏ ብቻ ቢጫ ከሆነች ግን ቢጫነቱ የራሷ ነው። ነጠላ ከሌለ የግንቡ ድንጋይ፣ የመንገዱ አስፋልት፣ ሳሩ ያገለግላል።

ቀለም በራሱ በወፉ ላይም የሚለወጥበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሊማሊሞ ላይ ምሳ ሲበሉ አንድ ትልቅ አሞራ መጥቶ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ እንደነጠቃቸው ጽፏል። ወፉን «ንስር ወርቅ» ብሎ መዘገበው። ያ ወፍ ባለ ጢሙ አሞራ ነው። ወርቅ ያሰኘው የሆዱና የደረቱ ቀለም ግን ብረት ካለበት አፈር የሚመጣ ነው፤ ወፉ ራሱ እየታጠበበት ይቀባዋል። አፈሩን ካላገኘ ላባው ነጣ ያለ ነው። ስለዚህ አንዱ ፎቶ ላይ ነጭ፣ ሌላው ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ቢመጣ ሁለት ዝርያ ነው ብላችሁ አትሩጡ።

9. «ለምን አይደለችም?» ብላችሁ ጻፉ

ሦስት ዕጩ ያዙ። ከሦስት በላይ ከሆነ ወደ ቅርጽ ተመለሱ። ለእያንዳንዷ «ለምን ናት» ሳይሆን «ለምን አይደለችም» ብላችሁ ጻፉ። ሰው የወደደውን መደገፊያ አያጣም፤ መቃወሚያ መፈለግ ነው የሚያጠራው።

አንድ ምሳሌ በቅርበት ላሳያችሁ። ፋሲል ግቢ ውስጥ፣ ምሽት ላይ፣ የግንብ መስኮት ጠርዝ ላይ የተነሳች ርግብ ናት። እጅ ተንቀጥቅጦ ምስሉ ወደ ጎን ተስቧል። የሚታየው ጠቆር ያለ ግራጫ ነገር ነው፤ ከላይ በኩል ነጭ ጭረት አለ።

ዕጩዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የቤት ርግብ። ሁለተኛ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባትና ጀርባዋ ወደ ቀይ ቡናማ የሚሄደው ርግብ። ሦስተኛ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትኖረው፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ያለባት ጥቁር ግራጫ ርግብ። እኛ «ባለ ማተቧ» እንላታለን። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጎንደርና ስሜን የነበረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው ለሳይንስ ያስተዋወቃት።

ሁለተኛዋ ለምን አይደለችም? ጀርባዋ ላይ አንዳች ቅላት የለም፤ አጠገቧ ያለው ድንጋይ ግን ቡናማነቱ ይታያል። ማለትም ቅላት ቢኖር ካሜራው ይይዘው ነበር። ባለ ማተቧስ ለምን አይደለችም? ነጩ ጭረት የግንቡ ሊሆን ይችላል። ግንቡ ላይ የወፍ ኩስ ሞልቷል። እዚህ ላይ ሊቆም ነበር። ባለቤቷ ግን ቀጣዩን ፎቶ አላጠፋችውም። በእሱ ላይ ርግቧ ዞራለች። ነጩ ጭረትም አብሯት ዞሯል። ኩስ አብሮ አይዞርም! የቤት ርግብን ያስቀረነው በሦስተኛው ፎቶ ነው፤ ስትነሳ ክንፏ ላይ ጥርት ያለ ነጭ ታየ፣ ወገቧ ግን ግራጫ ነበረ። ሦስት መጥፎ ፎቶ፣ አንድ እርግጠኛ መልስ።

ካልሆነላችሁ ሳሏት። እርሳስና ወረቀት ይበቃል፤ መልክ ማሳመር አያስፈልግም። እጃችሁ ጭራዋ ጋ ሲደርስ «ቆይ፣ ጭራዋን የት አየሁት?» ትላላችሁ። ያላያችሁትን ክፍል ቶሎ የሚያሳውቃችሁ ሥዕል ነው። ብሩስን አጅቦ የመጣው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ በእርሳስና በቀለም ወፍና ዕፅዋት ሲሥል የነበረው በዚሁ አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። እርሳስ ስይዝ አስበዋለሁ።

10. መልሳችሁን ሳትናገሩ ለሌላ አሳዩ

«ይሄ ጭልፊት አይደል?» ብላችሁ ካሳያችሁ የሚመጣው መልስ «አዎ» ነው። ፎቶውን ብቻ ስጡ። የት፣ መቼ ብቻ ንገሩ።

እኛ ጋ ደንብ አለ። ሁሉም መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ነው የሚነገረው። ከእኛ ጋር የሚወጡ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ከሁላችንም የበለጠ ያውቃሉ። እሳቸው ቀድመው ከተናገሩ ማንም አይቃወምም፤ ታላቅ ናቸዋ። ስለዚህ «ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬም መጨረሻ ነዎት» እንላቸዋለን። «እሺ ልጆቼ፣ ጻፉ እንግዲህ» ይላሉ፤ ስኒያቸውን ያነሳሉ። አንድ ቀን አምስታችንም አንድ ዓይነት ጽፈን እሳቸው ብቻቸውን ሌላ ጽፈው ነበር። ወረቀቶቹን አይተው ፎቶውን እንደገና ተቀበሉ፣ ረጅም ጊዜ አዩትና «ልክ ናችሁ፣ እግሩን አላየሁትም» አሉ። ያን ቀን በጣም አከበርኳቸው።

ሳቁም እዚህ ላይ ሥራ አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወፍ ተመልካቾች የማይለዩ ቡናማ ትንንሽ ወፎችን የሚጠሩበት የቀልድ ስም አላቸው፤ እኛ ደግሞ «ጤፎች» እንላቸዋለን። «ጤፍ ናት» ሲባል ማንም አያፍርም። ሰው ሳያፍር «አላውቃትም» የሚልበት መንገድ ነው።

11. መተግበሪያ ካላችሁ

መርሊን የተባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ማዕከል መተግበሪያ ከፎቶ ላይ ግምት ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ ግን እናንተ ከጻፋችሁ በኋላ ክፈቱት። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ያንኑ ፎቶ ሦስት ጊዜ በተለያየ ልክ ቆርጣችሁ ስጡት። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ስም ካመጣ ክብደት ስጡት። በየጊዜው ስም ከቀያየረ እሱም እየገመተ ነው።

12. የደረሳችሁበት ላይ አቁሙ

ዝርያው ካልታወቀ የታወቀውን ያህል ጻፉ። «ጥንብ አንሳ፣ ዝርያው ያልተለየ፣ ጎሃ፣ ጥቅምት» ሙሉ መረጃ ነው። ኢበርድ የተባለው ዓለም አቀፍ የወፍ መመዝገቢያም ይህን ዓይነት ምዝገባ ይቀበላል። በግምት የተጻፈ ስም ግን ይጎዳል። ትልቁም ትንሹም ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። አንዱን በሌላው ስም ብንቆጥር ያለው እንደሌለ፣ የሌለው እንዳለ ይሆናል። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው «አላወቅኳትም» የሚለውን ቃል የማከብረው።

13. ለሚቀጥለው ጊዜ

ወፏን እንዳያችሁ ከሩቅም ቢሆን አንድ አንሱ፤ ከዚያ ጠጋ በሉ። ቀጥታ አትሂዱባት፣ ሰያፍ ሂዱ። ክንዳችሁን ጎናችሁ ላይ አጥብቁ፤ ግንብ ወይም ዛፍ ካለ ተደገፉ። ካሜራው ከፈቀደ ለምትበር ወፍ የመዝጊያውን ፍጥነት የሰከንድ አንድ ሺህኛ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉት። ከሰማይ ፊት ካለች ብርሃኑን አንድ ደረጃ ወይም ሁለት ከፍ አድርጉ። ስልክ ብቻ ከያዛችሁ ዙም አታብዙ፤ ባይናኩላር ካለ ስልኩን ዓይን የሚገባበት ላይ ገጥማችሁ አንሱ። እኩለ ቀን ላይ ከትኩስ መሬት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ የካሜራው ጥፋት አይደለም፣ ጠዋት ተመለሱ።

ካነሳችሁ በኋላ ወዲያው ስክሪኑን አትዩ። ወፏ ገና እዚያው ናት፤ እሷን እዩ። ከዚያ የስልኩን ድምፅ መቅጃ ክፈቱና ያያችሁትን ተናገሩ፦ ስንት ነበሩ፣ ምን ይበሉ ነበር፣ ጭራቸውን ይነቀንቁ ነበር ወይ። ዝም ስትሉ ከጀርባ ድምፃቸው ይገባል።